የማንግሮቭ ጭቃን ለከባድ ብረቶች ስመረምር የተማርኩት

የማስተርስ ጥናቴን የሠራሁት በደቡብ ቻይና፣ ሼንዘን ውስጥ ባለው የፉቲያን ማንግሮቭ ደን ነው። ማንግሮቭ በባሕር ዳር ጭቃ ላይ የሚበቅል፣ ጨዋማ ውሃ የሚችል ዛፍ ነው። ከወሽመጡ ማዶ የሆንግ ኮንጉ ማይ ፖ ረግረግ ይታያል፤ ከጀርባው እ.ኤ.አ. ከ1980 ወዲህ በፋብሪካ የተሞላችው ከተማ አለች። የማንግሮቭ ሥሮች የውሃውን ፍጥነት ስለሚገቱ ደቃቁ ጭቃ እዚያው ይዘቅጣል። መዳቡ፣ ዚንኩ፣ እርሳሱና ካድሚየሙም አብሮት ይቀራል።

ናሙና የሚወሰደው የባሕሩ ውሃ ሲሸሽ ነው። እግር ከጭቃው አልላቀቅ ይላል፤ ውሃው ተመልሶ ሳይመጣ መጨረስ ደግሞ ግድ ነው። የፕላስቲክ ቱቦ ቀስ ብለን ወደ ታች እንገፋለን፣ አፉን ደፍነን እናወጣለን። የብረት አካፋ ናሙናውን ራሱ ይበክላል። ቱቦው ሲከፈት ከላይ ስስ ቡናማ ንጣፍ፣ ከሥሩ የገማ እንቁላል የሚሸት ጥቁር ጭቃ ይታያል። ሽታው የሰልፋይድ (የድኝ ውህድ) ነው፤ ኦክስጅን በሌለበት ባክቴሪያዎች ያመነጩታል፣ ብረቶቹንም አስሮ የሚይዛቸው እሱ ነው። አየር ሲያገኘው የጭቃው ጥቁረት ይለቃል፣ ታስሮ የቆየው ካድሚየምና ዚንክም ወደ ውሃው መውጣት ይጀምራል። ናሙናውን አየሩ ተጨምቆ በወጣ ከረጢት አሽገን ወዲያው በረዶ ውስጥ የምንከተው ለዚህ ነው። ማንግሮቭ ቆርጦ ጭቃውን መቆፈር ለዓመታት የተከማቸን መርዝ መልቀቅ መሆኑን ያመንኩትም እዚያ ነው።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ትምህርት ግን ስለ ቁጥር ነው። ደቃቅ ጭቃ ከአሸዋ ይልቅ ብዙ ብረት ይይዛል። ስለዚህ አንዱ ቦታ ከሌላው እጥፍ እርሳስ አሳየ ማለት የግድ ይበልጥ ተበክሏል ማለት አይደለም፤ ጭቃው ደቃቅ ስለሆነም ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን ውጤት የጭቃውን ድቀት በሚያሳየው በናሙናው አሉሚኒየም አካፍዬ፣ ከፋብሪካዎቹ በፊት ከተከማቸው የዚያው ቱቦ ጥልቅ ንጣፍ ጋር ሳወዳድር ነው የከተማዋ ድርሻ ተለይቶ የወጣው። ብዙዎች የሚያወዳድሩት እ.ኤ.አ. በ1961 ከታተመው የዓለም ሼል (ከደቃቅ ጭቃ የተሠራ ዐለት) አማካይ ጋር ነው፤ በኪሎ መዳብ 45፣ ዚንክ 95 ሚሊግራም። እኔ የቦታውን የራሱን አፈር አስቀድማለሁ።

አቃቂ ወንዝ ላይ ለምትሠሩ ይህ የበለጠ ይመለከታችኋል። የአካባቢው እሳተ ገሞራ ዐለት ባዛልት በተፈጥሮው ክሮሚየምና ኒኬል ስላለው፣ ከፋብሪካዎቹ በላይ ያለውን ደለል ሳትለኩ የታችኛውን «ተበክሏል» አትበሉ። በዚያ ውሃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች ከእናንተ የሚጠብቁት የሚታመን ቁጥር ነው።