መድኃኒቱን ከውጭ ግዙ

ዛሬ አክስቴን ይዤ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ዋልኩ። የጤና መድን ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ እንደ ታቦት ነው የያዘችው።

ያያት ዶክተር ልጅ እግር ነው። ሰልፉ ውጭ ድረስ ወጥቶ እያለ እንኳ ቁጭ ብሎ አዳመጣት። እሱን የምወቅስበት አፍ የለኝም። ጉዱ የመጣው መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ነው። ከታዘዘላት አንዱ ብቻ አለ። ሌላውን "ከውጭ ግዙ" ተባልን። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት እኮ ነው! ከበሩ ማዶ ያለው የግል ፋርማሲ ደግሞ ሁሉም ሞልቶታል። ዋጋውን ባልናገር ይሻላል።

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ሰው በደህናው ቀን ያዋጣል፣ ሲታመም ከኪሱ አያወጣም። አክስቴ የድርሻዋን በየዓመቱ ከፍላለች። ሌላኛው ወገንስ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት ለጤና የሚመድበው ሀብት በየጊዜው እየጨመረ እንዲሄድ ግዴታ ጥሎበታል። ግዴታ ነው፣ ችሮታ አይደለም።

"የአቅርቦት ችግር ነው" ይሉናል። እሺ፣ ይሁን። ግን የጠፉት መድኃኒቶች ስም በየሳምንቱ በር ላይ ይለጠፍ። መቼ እንደተጠየቁ፣ ለምን እንደዘገዩ፣ ማን እንደሚመለከተው ይጻፍበት። ይሄ በጀት አይጠይቅም፤ ወረቀትና ማጣበቂያ ነው። (የአስተያየት ሳጥን አለ እንዳትሉኝ፤ ቁልፉ ዝጓል።)

ደረሰኞቹን ይዘናል። ሰኞ ወረዳ የመድን ክፍል ሄደን ገንዘቡ ይመለስልን እንላለን። እንዲህ አድርጎ የተሳካለት ካለ ኮመንት ላይ ይንገረኝ።