ውሃ በ90 ዲግሪ የሚፈላበት አገር

ኅዳር ገብቷል። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ጠዋት ሰውም መኪናም አንድ ላይ ያጨሳል። ከነጋ ጀምሮ ደስ የማይል ነገር ተጭኖኛል፤ ብርዱ ይሁን ሌላ እንጃ። በዚህ ላይ አንድ የማውቀው ባለመኪና ልጅ ደወለ። «ጋሼ፣ ጓርኒሲዮኑ ሄዷል አሉኝ፤ ቴስታታው ይውረድ ወይ?» ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ በእሱና በብሎኩ መሃል ያለው ማሸጊያ ነው። ማን አለህ ስለው፣ ሰፈሩ ሁሉ። ምን አይተው? ጠዋት በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ነጭ ጭስ ይወጣል፣ የዘይት መክደኛው ሥር ነጣ ያለ አረፋ አለ፣ የጣርማበርን ዳገት ሲወጣ ደግሞ ራዲያተሩ ፈልቷል። በቃ፣ ተፈረደበት።

እኔን የሚያናድደኝ ምስክሮቹ ናቸው። ሦስቱም ደጋ ላይ ይዋሻሉ። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይሠራል፤ በውርጭ ጠዋት ያ እንፋሎት ቢታይ ምን ይገርማል? ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ፣ ውሃውም ከቀን ወደ ቀን ከጎደለ ያኔ እንነጋገር። የመክደኛው አረፋም እንዲሁ ነው። ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት ብቻ የሚሄድ መኪና ሞተሩ ሳይግል ይጠፋል፤ እርጥበቱ በጣም ቀዝቃዛ የሆነው መክደኛ ላይ ሄዶ ይጠራቀማል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ ማየት ነው። ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነ አረፋውን በጨርቅ ጠርጎ መርሳት ይቻላል። ዘንጉ ላይም ወተት መስሎ ከታየና መጠኑ ከመስመሩ በላይ ከወጣ ግን ሞተሩ አንድ ጊዜም እንዳይነሳ፤ ውሃ የገባበት ዘይት ብሮንዚና (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ልባስ) ይበላል።

መፍላቱ ላይ ስደርስ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄደ፤ ሥራዬንም እዚያው ጥዬው ቀረሁ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 71 በመቶ ያህል ነው፤ ስለዚህ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ 90 ዲግሪን ትንሽ እንዳለፈ ይፈላል። ንፍሮ እዚህ የሚቆየው ለዚህ ነው። አሁን የኮሮላን 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር እንውሰድ። ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው ቴርሞስታት 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል፤ በደንብ የሚከፈተው 95 ላይ ነው። ፋኑ የሚነሳው ወደ 93 ሲጠጋ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቆመ ታዲያ ውሃው የሚፈላው ቴርሞስታቱ አፉን በደንብ ሳይከፍት፣ ፋኑም ሳይነሳ ነው ማለት ነው! የሙቀት መርፌው ቀዩ ጋ ሳይደርስ ራዲያተሩ ይገነፍላል፤ ሰውም «ቴስታታ» ይላል። 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ቢሆን መፍያውን ወደ 113 ያደርሰው ነበር። በ90 እና በ113 መሃል ያለው አንዲት ቀለበት ጎማና አንዲት ስፕሪንግ ናት።

ዳገቱ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ናት፤ ጣርማበር ከ3,000 በላይ። ሞተሩ በከባድ ማርሽ እየተንደቀደቀ ብዙ ሙቀት በሚያወጣበት ሰዓት የመፍያው ዲግሪ አብሮ ይወርዳል፤ ፋኑ የሚስበው አየርም እየሳሳ ይሄዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ክዳኑ። ጎማው ደርቆ ከተሰነጠቀ፣ መሃሉ ላይ ያለችው ትንሿ ቫልቭ በጥፍር ስትሳብ ካልተመለሰች ይቀየር። የሪዘርቫው (የትርፍ ውሃ መያዣው) ውሃ ሲሞቅ ከፍ፣ ሲበርድ ዝቅ ካላለም ክዳኑ ሥራ አቁሟል። ከዚያ የፋኑ ሪሌ፣ የማኒኮቶዎቹ (የውሃ ጎማዎቹ) ማሰሪያ፣ የውሃ ፖምፓው ሥር የዝገት መስመር፣ በጭቃና በነፍሳት የታፈነ የራዲያተር ፊት። ይህ ሁሉ ቁልፍ የማያስፈታ ሥራ ነው።

የኮምፕሬሽን ልኬቱ (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) ላይ የባሰ ነገር አለ። የጥገና መጽሐፉ ለዚህ ሞተር 191 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ጤነኛ ነው፣ ከ142 በታች ከሆነ ይፈታ ይላል። ቁጥሩ የተጻፈው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ያው 191 የሚሰጠው ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ ሲለካ 134 ገደማ ያሳያል! ስንት ጤነኛ ሞተር በዚህ ቁጥር ተፈትቶ ይሆን? እዚህ ከፍታ ላይ የሚታመነው ልዩነቱ ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ (እሳት ሰጪው) ወጥቶ፣ የነዳጁና የእሳቱ መስመር ተነቅሎ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ የነዳጅ መርገጫው እስከ ታች ተረግጦ ይለካ። በሲሊንደሮቹ መሃል ከ14 ፒኤስአይ በላይ ልዩነት ከሌለ ተዉት። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ ብቻ አብረው ከወረዱ ግን በመሃላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ተበልቷል። አንዱ ብቻ ከወረደ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ መድገም ነው፤ ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ነው፣ ካላለ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን።

ገንዘብ ለሌለው ሰው እኔ የምወደው ፈተና ጠዋት፣ ሞተሩ እንደ በረዶ ሳለ የሚደረገው ነው። ክዳኑን ከድኖ ማስነሳትና የላይኛውን ማኒኮቶ መጨበጥ። ውሃው ገና ሳይሞቅ፣ በአንድ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ማኒኮቶው ከደነደነ ያንን ግፊት ውሃ አላመጣውም፤ የተቃጠለ ጋዝ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የፈለገ ጎሚስታ ቤት ይሂድ። ከአሮጌ ካንዴላ ሸክላው ተሰብሮ ይወጣና ብረቱ ላይ የጎማ ንፋስ መሙያ አፍ ይበየዳል። የተጠረጠረው ሲሊንደር ፒስቶን ሁለቱም ቫልቭ በተዘጋበት ጊዜ ጫፍ ላይ ይቁም፣ መኪናው አራተኛ ማርሽ ገብቶ የእጅ ፍሬን ይያዝ። ፒስቶኑ ከጫፍ ትንሽ ካለፈ ንፋሱ ሞተሩን ያዞረዋል፤ እጅም ቁልፍም ከቺንጋው (ከሞተሩ ቀበቶ) ይራቅ። ከዚያ 5 ባር ያህል ንፋስ ለቆ ማዳመጥ። ራዲያተሩ ላይ አረፋ ከተነሳ ጓርኒሲዮን ወይም ስንጥቅ ነው። ጎረቤቱ ካንዴላ ቀዳዳ ከነፈሰ ጓርኒሲዮን፣ በማርሚታ ከወጣ የጭስ ቫልቭ፣ በአየር ማጣሪያው ከወጣ የመግቢያ ቫልቭ። በዘይት መሙያው ትንሽ ሽው ማለት ያለ ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ እውነትም ከሆነ እንግዲህ ይፈታ፤ ሞተሩ ፍጹም በርዶ። የታይሚንግ ቺንጋው ምልክት ይደረግበት። ጥርስ በጥርስ ከሚገናኙት ካምሻፍቶች (ቫልቭ ከሚከፍቱት ዘንጎች) ድርብ ጥርስ ያለው ከመነሳቱ በፊት በ6 ሚሊ ቡሎን ካልታሰረ ስፕሪንጉ ይፈናጠራል። የካምሻፍቱ መያዣዎች ጥቂት በጥቂት፣ እኩል እኩል ይፈቱ፤ አንድ ጎን ቀድሞ ከተፈታ ካምሻፍቱ ይሰበራል። አሥሩ የቴስታታ ቡሎኖች ከዳር ወደ መሃል፣ በሁለት ሦስት ዙር። ቴስታታው ሲወርድ ፊቱ መሬት አይንካ፤ ጣውላ ላይ ይቀመጥ።

አሮጌውን ጓርኒሲዮን አትጣሉት፤ ታሪኩ እሱ ላይ ነው። ጋዝ ያለፈበት ቦታ ጥቁር መስመር ይታያል። ውሃ የገባበት ፒስቶን ደግሞ ከጓደኞቹ ተለይቶ ታጥቦ ነጽቶ ይገኛል። ፊቱን ሲያጸዱ በሚሽከረከር የአሸዋ ወረቀት መፍጨት ትልቅ ጥፋት ነው፤ አሉሚኒየሙን ይጎደጉዳል፣ ደቃቁም ዘይት ውስጥ ገብቶ ብሮንዚናውን ይፈጃል። የእንጨት መፋቂያና ትዕግሥት ይበቃል። የቡሎኖቹ ጉድጓዶች ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ከቀረ ቡሎኑ ሲጠብቅ መውጫ አጥቶ ብሎኩን ይሰነጥቀዋል፤ በንፋስ ይጽዱ። ቀጥ ያለ ብረት በርዝመት፣ በወርድና በሰያፍ እያጋደሙ 0.05 ሚሊ ፊለር ጌጅ (የክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) መሞከር። ካለፈ ቶርኖ ቤት (ብረት መላጫ ቤት) ሄዶ የግድ የሚፈለገውን ያህል ብቻ ይላጥ፤ እዚያው በግፊት ስንጥቁንም ይፈትሹት። በቁጠባ ጊዜ እዚህ ላይ መሰሰት አይገባም። የተጣመመ ቴስታታ ላይ የተጣለ አዲስ ጓርኒሲዮን ገንዘቡን ወንዝ መጣል ነው።

ሲገጠም ሲልከን የለም፤ ደረቁን ነው። ቡሎኖቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፦ 90 ሚሊዎቹ በአየር መግቢያው በኩል፣ 108ቶቹ በጭሱ በኩል። አንገቱ የቀጠነ ካለ ይቀየር። ጥርሳቸው ላይና ከጭንቅላታቸው ሥር ቀጭን ዘይት ተቀብቶ ከመሃል ወደ ዳር 29 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ 90 ዲግሪ፣ እንደገና 90 ዲግሪ፤ ጭንቅላቱ ላይ ነጭ ቀለም ነጥብ ማድረግ ነው። 29 በጣም ትንሽ ናት፤ በግምት የሚያጠብቅ ሁሉ ያልፋታል። ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ኃይል የሚለካው ቁልፍ) ከጠፋ የገበያ ተንጠልጣይ ሚዛን ይሠራል። ከቡሎኑ መሃል ልክ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ቁልፉን አስሮ፣ ቀጥ ባለ ማዕዘን፣ ሚዛኑ 10 ኪሎ እስኪያሳይ መሳብ፤ 29.4 ይሆናል።

ዘይትና ፊልትሮ ወዲያው ይቀየር። 6 ሊትር ገደማ ውሃ፣ ግማሹ አንቲፍሪዝ (እዚህ ለታኅሣሥ ውርጭም ግድ ነው)፣ የመኪናው አፍንጫ ወደ ዳገት ዞሮ፣ የጋቢናው ማሞቂያ ሙሉ ተከፍቶ አየሩ ይውጣ። ቴርሞስታቱንም መልሱት፣ እባካችሁ። በብዙ የቶዮታ ሞተር ላይ ሲወጣ መተላለፊያው ክፍት ይቀርና የውሃው ከፊል ራዲያተሩን ሳያይ ይዞራል፤ ለማቀዝቀዝ ያወጡት ዳገት ላይ ያሞቃል።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ክዳን አስቀምጬ ቁጭ ብያለሁ፤ አንዱ 0.9 ባር፣ አንዱ 1.1። ከፍታው የወሰደብንን ግፊት በትልቁ ክዳን ብመልሰውስ? ከ3 እስከ 4 ዲግሪ አገኛለሁ። ግን የራዲያተሩ ፕላስቲክ የሚሰማው በውስጥና በውጭ ያለውን ልዩነት ነው፤ ለእሱ 1.1 የትም ቦታ 1.1 ነው፣ ያውም ያረጀ ፕላስቲክ። ሌላውን ሁሉ «ሳትለካ አትፍታ» እያልኩ የምዘልፍ ሰው እነሆ በሁለት ቆርቆሮ መሃል መሽቶብኛል። የትኛው ይከደን?