ወደ ሐዋሳ ለምትመለሱ፦ ለአደን መጻሕፍት ሦስት ኪሎ

ክረምት ሲደርስ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ወደ ሐዋሳ የሚመጣ ሰው ሻንጣው በጫማ፣ በቫይታሚንና በስልክ ይሞላል። ከተፈቀደላችሁ ኪሎ ሁለት ሦስቱን ለመጽሐፍ አስቀሩ እላለሁ፣ ያውም ለአደን መጽሐፍ። ባላችሁበት አገር ያገለገሉ መጻሕፍት መሸጫ ውስጥ የአደንና የጉዞ መደርደሪያ አይጠፋም። ብዙዎቻችን ግን የፈረንጅ መዝናኛ ነው ብለን እናልፈዋለን። የአገራችን ዱር ከመቶ ዓመት በፊት ምን ይመስል እንደነበር በቀን፣ በቦታና በከፍታ መዝግበው ካቆዩልን ሰዎች መካከል ግን አዳኞቹ ግንባር ቀደም ናቸው። የገደሉትን መግደላቸው ያሳዝናል፤ የጻፉት ግን ማስረጃችን ነው።

ከሁሉም የማስቀድመው ስዌይንን ነው። የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ መኮንን ነበር። በሶማሌ ምድር ስላደረጋቸው አሥራ ሰባት ጉዞዎች የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1895 ታተመ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። የሰንቀሌ ቆርኬ የተባለው ቀንዳም የዱር እንስሳ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። ያን ጊዜ ቆርኬ በሶማሌ ሜዳ ላይ በመቶዎች ይታይ ነበር። ክፉ ቀን ያልነው ዘመን ያመጣው የከብት በሽታ የገበሬውን በሬ ብቻ ሳይሆን የዱር እንስሳቱንም ፈጀ፤ የተረፈውን ደግሞ ጠመንጃ ጨረሰው። ዛሬ በሶማሌ ሜዳ አንድም የለም። ዋና መጠጊያዎቹ ሰንቀሌና ማዜ ብሔራዊ ፓርክ ናቸው። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2011 ነው።

የስዌይንን መጽሐፍ አንብባችሁ በሻሸመኔ በአጄ በኩል ወደ ሰንቀሌ ብትሄዱ የምታዩት መንጋ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል። በማለዳ ድረሱ፤ ፀሐይ ከጠነከረ በኋላ ከሣሩ የሚነሣው ሙቀት በመነጽር የምታዩትን ምስል ያንቀጠቅጠዋል። ብዙ ሰው ቆርኬን ቦሆር ከሚባለው ሌላ የዱር እንስሳ ጋር ያሳስታል። ቆርኬ ፊቱ ረጅም፣ ትከሻው ከዳሌው ከፍ ያለ፣ ቀለሙ ጠቆር ያለ ቡናማ ሲሆን ወንዱም ሴቷም ቀንድ አላቸው። ቦሆር ያንሳል፣ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው፤ ጫፉም ወደፊት ይታጠፋል። ስለዚህ ያደገ ሆኖ ቀንድ የሌለው ካያችሁ ቆርኬ አይደለም።

ሁለተኛው የሌስሊ ብራውን መጽሐፍ ነው፣ በ1965 የታተመው። ብራውን የኬንያ የወፍ ሊቅ ነበር፤ የመጣው ግን የደጋ አጋዘንን ፍለጋ ነው። ይህን እንስሳ ሳይንስ ያወቀው ሜጀር ቡክስተን የተባለ አዳኝ በ1908 ከዝዋይ ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ካሉት ተራሮች ላይ በገደለው ናሙና ሲሆን፣ ስም የወጣለት በ1910 ነው። መጽሐፉን ይዞ ወደ ባሌ ተራሮች ፓርክ መግቢያ፣ ወደ ዲንሾ መሄድ ለሚፈልግ መንገዱ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ። በሐዋሳ ሸሚዝ የሄደ ሰው ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያድራል።

እነዚህን መጻሕፍት ዝም ብሎ ማንበብ ግን ያሳስታል። ከጎናችሁ ካርታ ይኑር። ከፍታው የተጻፈው በጫማ ስለሆነ በ0.3048 አባዙት፤ 10,000 ጫማ ማለት 3,048 ሜትር ነው። ማይሉን በ1.6 አባዙ። የቀንድ ርዝመት በኢንች የሚሰጠው ኩርባውን ተከትሎ ስለሚለካ ነው ትልቅ የሚመስለው፣ ከሥር እስከ ጫፍ በቀጥታ ቢለካ ያንሳል። የቦታ ስሞችን ደግሞ በጆሯቸው እንደሰሙት ነው የጻፉት፤ ድምፅ አውጥታችሁ ስታነቡት የምታውቁት ወንዝ ብቅ ይላል። ልጆች ካሏችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ ደራሲዎቹ ሕዝቦቻችንን የሚጠሩበት ስም አንዳንዱ ስድብ ነው፤ መድገም የለባቸውም።

ጂም ኮርቤት ስለ እኛ አገር አልጻፈም፣ የእሱ ዱር ሰሜን ሕንድ ነው። ቢሆንም በ1953 የወጣውን ስለ ጫካ እውቀት የሚናገረውን መጽሐፉን፣ ሰው በላ ነብሮችን ካደነበት ዝነኛ መጽሐፉ አስበልጣለሁ። የሚያስተምረው ማዳመጥን ነው፦ ዝንጀሮውና አጋዘኑ ሲደነግጡ ምን ዓይነት ድምፅ ያሰማሉ፣ ወዴት እያዩ፣ ለስንት ጊዜ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካሉት ዛፎች ሥር ተቀምጣችሁ ሞክሩት። ጦጣዎቹ ድንገት ተንጫጭተው ሁሉም ወደ ላይ ካዩ ንስር ፈልጉ፤ ወደ መሬት ካዩ ውሻ ወይም እባብ ነው።

የወፍ መለያ መጽሐፍ ከፈለጋችሁ ሬድማን፣ ስቲቨንሰንና ፋንሾው በ2009 ስለ አፍሪካ ቀንድ ወፎች ያወጡትን ያዙ። ከአንድ ሺህ በላይ ዝርያ ይዟል፣ ስርጭቱን የሚያሳይ ካርታም አለው። ስህተት የሚመጣው ሥዕሉን ብቻ አይቶ ከመወሰን ነው፤ መጀመሪያ ካርታው ወፉ እዚህ ይኖራል ወይ የሚለውን ይመልስላችሁ። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ከጀርባችሁ ናት፣ ቀለም ጥርት ብሎ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚመታ ሁሉም ወፍ ጥቁር ነው። አሞራ ገደል ዓሣ ሲራገፍ አባ ኮዳ እግራችሁ ሥር ይቆማል፣ ለእሱ መነጽር አያስፈልግም። በውኃው ላይ በአንድ ቦታ እየተርገበገበ ቁልቁል የሚወረወረውን ጥቁርና ነጭ ዓሣ አዳኝ ወፍ ግን ደረቱን እዩለት፦ ሁለት ጥቁር ቀበቶ ካለው ወንድ፣ መሃሉ የተቆረጠ አንድ ብቻ ከሆነ ሴት ናት። መነጽሩ 8 በ42 ይሁን። 10 እጥፍ የሚያቀርበው ጀልባ ላይ እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉን ያዘልለዋል።

ስለ ግዢው፦ የስዌይን የመጀመሪያ እትም ውድ ነው፣ አያስፈልጋችሁም። የደራሲነት መብቱ ዘመን ስላለፈ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነፃ ይገኛል። በትእዛዝ የሚታተሙትን ርካሽ ቅጂዎች ስትገዙ ተጠንቀቁ፤ ተጣጥፎ የሚገባው ትልቅ ካርታ ሲቃኝ ሳይዘረጋ ስለሚታለፍ ብዙ ጊዜ ይጎድላል። ካርታው መኖሩን ሻጩን ጠይቁ፣ ከሌለ ከስካኑ ላይ ለብቻው አሳትሙት።

ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ የሚበላሸው በክረምቱ እርጥበት ነው። መደርደሪያውን ከግድግዳው አራት ጣት ያህል አርቁት፣ መጻሕፍቱን አታጨናንቁ፤ በፌስታል ጠቅልሎ ማስቀመጥ እርጥበቱን አፍኖ ሻጋታ ያበቅላል። ስትመለሱም የወፉን መጽሐፍ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ አትተዉት። ሐይቁ ላይ እንግዳ በጀልባ ከሚያዞሩት ወጣቶች መካከል ወፎቹን በስም የሚጠራውን ጠይቃችሁ አግኙና ለእሱ ስጡት።