ታሪክም ባዮሎጂም እወዳለሁ፤ የብሪታኒያ ዩኒቨርሲቲ ይሆነኛል ወይ?

ለንደን ነው የምማረው፣ ኤ-ሌቭል (ዩኒቨርሲቲ ከመግባት በፊት የሚወሰደው የመጨረሻው የትምህርት ደረጃ) ላይ ነኝ። የያዝኩት ባዮሎጂ፣ ታሪክና ሒሳብ ነው፤ አንዱንም መተው አልፈልግም። ሜሪላንድ ያለችው አክስቴ በደወለች ቁጥር «እዚህ ነይ፣ ሁለት ዓመት ሁሉንም ሞክረሽ ነው የምትመርጪው» ትለኛለች። እውነቷን ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሲያመለክቱ ዩኒቨርሲቲውን ብቻ ሳይሆን ትምህርቱንም ከመነሻው መርጦ ነው፤ ባዮሎጂ ብሎ የገባ ሦስቱንም ዓመት በአብዛኛው ባዮሎጂ ይማራል። ልባችሁ እንደኔ ለተከፈለ፣ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ከባዱ ነገር ዩካስ (የብሪታኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ የሚገባበት ድርጅት) ላይ ነው። እስከ አምስት ምርጫ መሙላት ይቻላል፣ ስለ ራስ የሚጻፈው ግን አንድ ነው፣ ያው ጽሑፍ ለአምስቱም ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2026 ከሚገቡት ጀምሮ በሦስት ጥያቄ ተከፍሏል፤ ጠቅላላው ግን ክፍት ቦታውን ጨምሮ ያው 4,000 ፊደል ነው። ስለዚህ ሁለቱን ታሪክ፣ ሦስቱን ባዮሎጂ አድርጎ መሙላት አያዋጣም፤ የታሪክ ክፍሉም የባዮሎጂውም አንብቦ «ይቺ ልጅ የኛ አይደለችም» ነው የሚለው። እኔ ሁለቱን የሚያገናኝ ርዕስ ፈለግኩ፣ አገኘሁም፦ በ1880ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የገባው የከብት በሽታና ያስከተለው ክፉ ቀን። ቫይረሱ ባዮሎጂ ነው፣ በሬው ሲያልቅ እርሻው ለምን እንደቆመና ሕዝቡ እንዴት እንደተራበ ደግሞ ታሪክ ነው። ይህን መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ የምፈልገው ራሱ ጠርቶልኛል።

ምርጫ የለም ማለት ግን አይደለም። ዩሲኤል (ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን) ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይንስንና አርትስን (እንደ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ያሉትን) አጣምሮ የሚሰጥ ዲግሪ አለው። ካምብሪጅ ናቹራል ሳይንስስ (የተፈጥሮ ሳይንስ) የገባ በአንደኛው ዓመት ብዙ ሳይንስ ያያል፣ ከሳይንስ ታሪክ በቀር ግን ታሪክ እዚያ ውስጥ የለም፤ በዚያ ላይ ማመልከቻው ጥቅምት ላይ ይዘጋል። እኔን የሳበኝ ስኮትላንድ ነው። ዲግሪው አራት ዓመት ነው፣ ግላስጎው አርትስ የገባ ተማሪ መጀመሪያ ላይ ሦስት የተለያዩ ትምህርቶች ይዞ ኋላ ያጠብባል። አክስቴ የምትለው ነገር ትንሽ እዚህም አለ ማለት ነው!

ዋጋው አለ። ከእንግሊዝ ለሄድን ክፍያው በ2025/26 በዓመት እስከ 9,535 ፓውንድ ነው፣ አራተኛው ዓመት ሲጨመር ብድሩም ይጨምራል፣ የቤት ኪራይም አለ። ከአገር ቤት በቀጥታ ለሚመጣ ደግሞ የውጭ ተማሪ ክፍያ ስለሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው።

አሜሪካን ትቻለሁ፣ እዚሁ ነኝ። ሁለት የስኮትላንድ፣ አንድ ዩሲኤል ይዣለሁ። ለቀሩት ሁለት የየትምህርቱን የሞጁል (በዲግሪው ውስጥ የሚወሰዱት ኮርሶች) ዝርዝር እያነበብኩ ነው፤ ስሙ ከሚያምረው ይልቅ ከዲፓርትመንቱ ውጭ ያለ ሞጁል የሚያስወስደውን ነው የምፈልገው። ኤዲንብራ ወይም ግላስጎው የተማራችሁ ካላችሁ፣ በሁለተኛው ዓመት ከዲፓርትመንታችሁ ውጭ ምን ያህል መውሰድ እንደቻላችሁ ንገሩኝ።