ደንገልን በፓይተን መሣል

በሪከርሽን (ፈንክሽን የሚባል የኮድ ክፍል ራሱን መልሶ በሚጠራበት ዘዴ) መሣል የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚሥለው ዛፍ ነው፤ አንዱ ለሁለት፣ ሁለቱ ለአራት እየተከፈለ ይሄዳል። ለዋርካ ያምርበታል። ጣና ላይ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ግን በዚህ ሕግ አይሣልም። ባሕር ዳር ያላችሁ ሐይቁ ዳር ወርዳችሁ አንዱን ቀረብ ብላችሁ እዩት፦ አገዳው ያለ ምንም ቅርንጫፍ ቀጥ ብሎ ይወጣና ጫፉ ላይ ባንዴ እንደ ጭራ ይበተናል፤ እያንዳንዱ ክር ደግሞ ጫፉ ላይ እንደገና ለጥቂት ይከፈላል። ስለዚህ ቁጥሩ በየደረጃው መለያየት አለበት።

ከፓይተን (የኮድ መጻፊያ ቋንቋው) ጋር አብሮ የሚመጣው ተርትል ይበቃል፤ ስትሄድ መስመር የምትሥል «ኤሊ» የምናዝበት መሣሪያ ነው። ሦስት ዝርዝር አዘጋጁ፣ ቁጥሮቹ በተራ ለአገዳው፣ ለክሩና ለትንሹ ክር ናቸው፦ ርዝመት 300፣ 90፣ 25 ፒክስል፤ የክር ብዛት 24፣ 3፣ 0፤ በክሮቹ መካከል ያለው አንግል 10፣ 20፣ 0 ዲግሪ። ፈንክሽኑ የሚቀበለው ደረጃውን ብቻ ነው። በርዝመቱ ልክ ወደፊት ይሄዳል፣ በክሮቹ ብዛት ልክ ራሱን ለሚቀጥለው ደረጃ ይጠራል፣ ከዚያ በመጣበት ይመለሳል። ብዛቱ 0 ሲሆን ሉፑ (ጥሪውን የሚደጋግመው ክፍል) ስለማይዞር እዚያው ያበቃል። በድምሩ 97 መስመር ነው፦ 1፣ 24 እና 72።

ሥዕሉ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ሲመለስ ነው። ለሦስቱ ትንንሽ ክሮች ኤሊዋን 20 ዲግሪ ወደ ግራ አዙራችሁ፣ ከእያንዳንዱ ክር በኋላ 20 ወደ ቀኝ ካዞራችኋት፣ መጨረሻ ላይ 40 ዲግሪ ወደ ቀኝ ዞራ ትገኛለች። ብዙ ሰው የሚመልሳት ግን በ20 ብቻ ነው። የቀረው 20 ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን 90 ፒክስል ወደ ኋላ ስትመለስ ከአገዳው ጫፍ 31 ፒክስል ያህል ርቃ ታርፋለች፣ ቀጣዩም ክር ከዚያው ይጀምራል። መፍትሔው አቅጣጫዋን ከሉፑ በፊት ቫሪያብል (ቁጥር ማስቀመጫ ስም) ውስጥ ይዞ ከሉፑ በኋላ መመለስ ነው። ቫሪያብሉ ፈንክሽኑ ውስጥ ይሁን፤ ግሎባል (ለሁሉም ጥሪ የጋራ) ካደረጋችሁት የውስጠኛው ጥሪ የውጪውን ይደመስሰዋል።

በነገራችን ላይ፣ ፓይተን 3 ፈንክሽንን በግዕዝ ፊደል መሰየም ይፈቅዳል፤ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው። ግን «ሣል» እና «ሳል» ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። በኮማ ፋንታ የአማርኛውን ነጠላ ሰረዝ ከጻፋችሁም ኮዱ አይነሣም።

ክሮቹ እኩል ሲሆኑ ሥዕሉ ማበጠሪያ ይመስላል። በእያንዳንዱ አንግል ላይ እስከ 4 ዲግሪ፣ በርዝመቱ ላይ እስከ 15 ፒክስል የዘፈቀደ ቁጥር ጨምሩ ወይም ቀንሱ። ርዝመቱን አንዴ አውጥታችሁ ያዙት፤ ለመሄጃና ለመመለሻ ሁለት ጊዜ ካወጣችሁ ኤሊዋ ወደ ቦታዋ አትመለስም። ጥቅጥቅ ያለ ደንገል ለመሥራት ደግሞ የኋላዎቹን አገዳዎች በፈዛዛ አረንጓዴ አስቀድሙ፣ የፊቶቹን በደማቁ ከላያቸው ሣሉ።