ጥቁሮቹ ቁልፎች

ዛሬ ምንም አልሆንኩም፣ ዝም ብሎ ደብሮኛል። ነሐሴና እሁድ ሲገጣጠሙ ያው ነው።

ለሠርጉ የተባለውን ዘፈን ልለማመድ ብዬ ኪቦርዱን ከቁም ሳጥን ላይ አወረድኩት። እጄ ግን እንደ ልማዱ ወደ ጥቁሮቹ ሄደ። ከኤፍ ሻርፕ (ሻርፕ ማለት በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ነው) ተነስተህ ጥቁር ጥቁሩን ብቻ ከነካህ የትዝታ ቅኝት ራሱ ይመጣል። ሙሉው ትዝታ ማለቴ ነው። ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኤ ሻርፕ፣ ሲ ሻርፕ፣ ዲ ሻርፕ፣ አለቀ።

እነዚህን አምስቱን የያዘው ባለ ሰባት ድምፅ መሰላል፣ ኤፍ ሻርፕ ሜጀር፣ ወረቀት ላይ ያስፈራል። 6 ሻርፕ ነው የሚደረደረው። (ጂ ፍላት ነው ብለህ ብትጽፈውም 6 ፍላት፣ ማለትም የዝቅታ ምልክት፣ ይጠብቅሃል፤ ማምለጫ የለም።) ጣት ላይ ግን ለትዝታ እንደሱ የሚቀል አላውቅም። ከሰባቱ ድምፆች ሁለቱን ነጮች ትተህ ማለፍ ነው።

እንዲህ እያልኩ ሳላስበው ዲ ሻርፕ ላይ ማረፍ ጀመርኩ። አንድም ቁልፍ አልቀየርኩም፤ ግን ነገሩ ማይነር ሆነ፣ ጨለመ። ዲ ሻርፕ ማይነር የዚሁ ሜጀር ዘመድ ነው። ሦስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይኖራል። እንዲህ ያለ ዘመድ የሌለው ቤት አለ? ንብረቱ አንድ፣ ፊቱ ሌላ።

ግማሽ ትዝታ እንኳ ለምን እንደሚያሳዝን ግልጽ ነው። ማረፊያው እዚያው ኤፍ ሻርፕ ላይ ሆኖ ኤ ሻርፕ ወደ ኤ፣ ዲ ሻርፕ ወደ ዲ ይወርዳሉ። ሁለት ድምፅ ወርዶ ሆድ ቢያስብስ ምን ይገርማል።

ሙሉው ለምን ሆድ ያስብሳል? ያስተማረን ሰው «ሜጀር ደስታ፣ ማይነር ሐዘን» ብሎ አስጽፎናል። እኔ ደግሞ ክራር ሙሉ ትዝታ ተቃኝቶ ቤት ሙሉ ሰው አንገቱን ሲደፋ አይቻለሁ። ሜጀር ነው’ኮ! ምናልባት አራተኛውና ሰባተኛው ድምፅ ስለሌሉ ይሆናል። ወደ ማረፊያው የሚገፋ ነገር ሲጠፋ ዜማው ይንሳፈፋል። ይሄን መልስ ወድጄው ነበር። ግን ስኮትላንዶችም ቻይኖችም በእነዚሁ 5 ድምፆች ይጨፍራሉ። ታዲያ የሚያዝነው ቅኝቱ ነው ወይስ እኛ?

እህቴ በሩን ከፈተችው።

«ምን ሆነሃል? ማን ሞተ?»

«ሜጀር ነው’ኮ፣ የደስታ ነው» ብዬ ከሰባቱ ድምፆች ላስረዳት ስጀምር መልሳ ዘጋችው።