መሪ የሌለው ግሬደር በመንዝ

ከአዲስ አበባ የተነሳነው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ስንገባ ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ሻይ አዘዝን፤ መዳፋችንን ስናሞቅበት ሳንጠጣው ቀዘቀዘ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ዋሻው ሳንደርስ ወደ ግራ ታጠፍንና መንዝ ገባን።

ሥራው ከመሀል ሜዳ ወደ ጓሳ የሚወስደው የጠጠር መንገድ ላይ ነው። አዲሱ ግሬደር፣ መንገድ የሚያስተካክለው ማሽን፣ በሎቤድ መኪና ተጭኖ ቀድሞናል። ሦስት ቀን ሞክረው ተብያለሁ።

ጋቢናው ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ እጄ እንደ ልማዱ ወደ ፊት ሄደ። የጨበጠው አየር ነው።

«መሪው የታለ?»

«ጋሼ፣ ይኼ መሪ የለውም» አለኝ ሊያሳየኝ የመጣው ልጅ።

ካተርፒላር እነዚህን ኤም የሚባሉ ግሬደሮች በ2007 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ መሪውንና የማንሻዎቹን ድርድር ነቅሎ በሁለት ጆይስቲክ፣ ማለትም በግራና በቀኝ እጅ በሚያዙ አጫጭር እጀታዎች፣ ተካቸው። ግራው ማሽኑን ይነዳል፣ ማርሽ ይቀይራል፣ አፈር የሚቆርጠውን ረጅም ምላጭ፣ የብሌዱን፣ ግራ ጫፍ ያወጣል ያወርዳል። ቀኙ ብሌዱን ያዞራል፣ ወደ ጎን ያንሸራትታል፣ ቀኝ ጫፉን ይይዛል። ግራውን እንደ በር እጀታ ከጠመዘዝከው ደግሞ ማሽኑ ከወገቡ ይታጠፋል። ይቺን ያዙልኝ።

እኔ ዓለም ገና የሰለጠንኩት በድሮው ባለ ማንሻ ግሬደር፣ በ140ጂ ነው። ማንሻዎቹን ሳላይ አውቃቸዋለሁ። የሦስተኛው ቆብ ወልቆ ስለነበር ጨርቅ ጠቅልዬበት ነበር፤ መዳፌ እስካሁን ያንን ጨርቅ ይፈልጋል። የምሠራውም ቆሜ ነው። ተቀምጦ የሚሠራ ኦፕሬተር ሳይ ሰነፍ ይመስለኝ ነበር።

ልጁ «መጀመሪያ ዘይቱ ይሙቅ» አለኝ። ልክ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ነን፤ ጠዋት የሃይድሮሊክ ዘይቱ ማር ነው።

መቶ ሜትር ያህል አማረልኝ። ከዚያ ድንጋይ አየሁና በድሮ እጄ መሪ ላዞር ስል ግራውን ጠመዘዝኩት። ማሽኑ ከወገቡ እጥፍ አለ። የኋላ ጎማዎቹ ወደ ቦዩ ሄዱ፣ ብሌዱ መንገዱ መሀል አንድ ስንዝር ጉድጓድ ቆፈረ። ልጁ ከዳር ሆኖ «መመለሻዋን ይጫኗት!» ብሎ ጮኸ። ጆይስቲኩ ላይ ያለችውን ቁልፍ ስጫን ማሽኑ ራሱ ቀጥ አለ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ቀጥ አላልኩም።

የመንገዱ በሽታ ኮረጌሽን ነው፤ መንገዱ እንደ ቆርቆሮ ይሸነሸናል። መኪና ሲበር ጎማው ይነጥራል፣ ሲያርፍ ይቆፍራል፤ በዚያ ላይ ሌላው ይደግምበታል። አናት አናቱን ላጭተህ ጉድባውን በልቅ አፈር ብትሞላው ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል። እስከ ግርጌው ቆርጠህ እንደገና መዘርጋት ነው፤ ያውም አፈሩ እርጥበት ሳይለቀው። ጥቅምት ላይ የመጣነው ለዚሁ ነው።

በሁለተኛው ቀን እጄ ለመደ። ስክሪኑ የብሌዱን ተዳፋት በፐርሰንት ያሳያል። እኛ የምንፈልገው 4 ነው፤ ከመሀል እስከ ዳር ባለው ሦስት ሜትር ተኩል 14 ሳንቲሜትር መውረድ ማለት ነው። ድሮ ይኼን የምለካው በዓይኔ ነበር። ስክሪኑን በጋዜጣ ሸፍኜ አንድ መስመር ሠራሁ። ስገልጠው 3.8። ልጁን ጠርቼ አሳየሁት። ዝም አለ። ምሳ እኔ ከፈልኩ።

ጓሳ ስንደርስ ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ ያዩናል፤ ማሽኑ ደንታም አልሰጣቸው። ያ ሣር በቀሮ፣ የአካባቢው ሰው ሣሩን በጋራ በሚጠብቅበት ሥርዓት፣ ለዘመናት የተጠበቀ ነው። አፈር ወደዚያ መግፋት አልደፈርኩም።

በሦስተኛው ቀን ወደ መሀል ሜዳ ስንመለስ ባና የለበሱ እናት መንገዱ ላይ ቆሙብኝ።

«ልጄ፣ አምና የመጣው ውሃውን ገብሴ ላይ ለቀቀብኝ።»

«ወዴት ላውጣልዎት፣ እማማ?»

በዱላቸው ወደ ሸለቆው አመለከቱኝ። ግራውን ጠመዘዝኩት፤ አሁን አውቄ ነው። የኋላ ጎማዎቹ ጠንካራው መንገድ ላይ ቀሩ፣ ፊቱ ወደ ቦዩ ወረደ፣ ብሌዱ ጥቁሩን አፈር ፈለጠው። ሁለቴ ተመላለስኩ። እማማ በተቆረጠው ቦይ ውስጥ በባዶ እግራቸው እየረገጡ እስከ ጫፉ ሄዱና ተመለሱ። ከዚያ ዱላቸውን አንድ ቦታ ላይ ተከሉ።

«እዚች ጋ ትንሽ ዝቅ።»

ዝቅ አደረግኩት።